ባለመስመር የሕፃን ብርድ ልብስ በእጃችሁ ሥሩ፦ ለጀማሪ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ቆጪ ሰፈር ወዳለው ቤቴ የሹራብ ሥራቸውን ይዘው የሚመጡ ጀማሪዎች አንድ ዓይነት ችግር ያሳዩኛል። ከታች 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይዞ የጀመረው ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሲደርስ 80 ይሆናል። ወይም እየጠበበ ሄዶ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ባለፈው አንዲት የጎረቤት ልጅ መጥታ «እትዬ፣ በ120 የክር ቀለበት ጀምሬ 134 ሆነብኝ፤ ክሩ ይወልዳል እንዴ?» አለችኝ።

ክሩ አይወልድም። ችግሩ የረድፍ መጀመሪያ ላይ የምትፈጠር አንዲት ትንሽ ስህተት ናት። እጃችሁ ፈጣን መሆኑ ወይም ዘገምተኛ መሆኑ ለውጥ የለውም። የሚቆጥር ሰው ቀጥ ያለ ብርድ ልብስ ይሠራል፣ የማይቆጥር አይሠራም። ስለዚህ እዚህ መመሪያ ውስጥ «ቁጠሩ» የሚለው ቃል ቢደጋገምባችሁ ሆን ብዬ ነው።

መጀመሪያ በቃላት እንስማማ

መርፌው ላይ የሚቀመጠውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት «ዓይን» እለዋለሁ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሠርታችሁ ስትጨርሱ አንድ «ረድፍ» ነው። ሁለት ረድፍ ሲሞላ ጨርቁ ላይ አንድ ጎበጥ ያለ አግድም መስመር ይወጣል፤ እሱ «ሸንተረር» ነው። ሸንተረር በዓይን ስለሚታይ፣ ረድፍ ከመቁጠር ሸንተረር መቁጠር ይቀላል።

የምንሠራው ይህን ነው፦

- ስፋት 70፣ ርዝመት ወደ 90 ሴንቲ ሜትር
- 120 ዓይን
- በ3 ቀለም 13 መስመሮች፣ እያንዳንዱ መስመር 12 ሸንተረር፣ ማለትም 24 ረድፍ
- በጠቅላላው 312 ረድፍ

በደቂቃ 15 ዓይን ብትሠሩ ሥራው ወደ 42 ሰዓት ይወስዳል። በቀን አንድ ሰዓት ብትሰጡት አንድ ወር ተኩል ነው። ለክረምት እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ ቢዘገይ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ክሩን አንድ ጊዜ ግዙ

መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ያስፈልጋችኋል። ጅማ ወይና ደጋ ስለሆነች በጣም ወፍራም ወይም ድርብ ክር አያስፈልግም፤ ለሕፃኑም ይከብደዋል። ልቃቂቱ ላይ ወረቀት ካለ 5 ሚሊ ሜትር መርፌ የሚል ፈልጉ። ወረቀት ከሌለው ክሩን ሳትወጥሩ ማስመሪያ ላይ ጎን ለጎን ጠምጥሙት። በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ9 እስከ 11 ዙር ከገባ ይሆናችኋል።

መጠኑ፦ ለመጀመሪያው ቀለም 300 ግራም፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው 200፣ 200 ግራም። ጥቂት ይተርፋል፤ ይትረፍ። መስመሮቹ የሚጀምሩትም የሚያልቁትም በመጀመሪያው ቀለም ስለሆነ እሱ ይበዛል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ግዙ። እኔ አንድ ጊዜ ግማሹን ገዝቼ «ሌላውን በሚቀጥለው ሳምንት» ብዬ ተመለስኩ። ያው ሱቅ፣ ያው ስም፣ ያው ሰማያዊ ነው ተባልኩ። ቤት ገብቼ ስሠራው ግን መሃሉ ላይ ሌላ ሰማያዊ መጣ። በአንድ ቀን ያልተነከረ ክር ቀለሙ በጥቂቱ ይለያያል። ወረቀቱ ላይ የሎት ቁጥር (አብሮ የተነከረ ክር የሚጋራው ቁጥር) ካለ የአንድ ቀለም ልቃቂቶች ሁሉ ቁጥራቸው አንድ መሆኑን እዩ። ቁጥር ከሌለ መርካቶ ሱቁ ውስጥ ባለው አምፖል አትመኑ። ልቃቂቶቹን ይዛችሁ ደጅ ውጡና በፀሐይ ብርሃን አስተያዩ።

ሱፍ ነው ወይስ አክሪሊክ? ሻጩ ሁሉንም «ሱፍ» ሊላችሁ ይችላል። ለማወቅ ቤት ስትደርሱ አንድ ጣት የምታህል ክር ቆርጣችሁ በወረንጦ ያዙና ውኃ የሞላ ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሷት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። አክሪሊክ ከሆነ ቀልጦ እንደ ዶቃ ጠጣር ፍሬ ይሠራል። በእኔ እምነት ለሕፃን ብርድ ልብስ አክሪሊክ ይሻላል፤ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ ይደርቃልም። ግን ይቀልጣል። ስለዚህ ቡና እየተፈላ ከከሰሉ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አትሥሩ።

ደረጃ 2፦ መርፌና ሌሎች ዕቃዎች

5 ሚሊ ሜትር የሹራብ መርፌ ግዙ። በገመድ የተያያዘና ገመዱ 80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ 120 ዓይን ሳይጨናነቅ ይይዛል። ካላገኛችሁ ረጃጅሞቹ፣ 35 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር የሆኑት፣ ይበቃሉ።

የአሮጌ መርፌ ቁጥር ያሳስታል። በድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር 6 ቁጥር ማለት 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ግን ያው መርፌ 8 ቁጥር ነው። ቁጥሩን ተዉትና ለኩ፦ ሁለቱን መርፌዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ማስመሪያ ላይ ስታስቀምጡ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሞሉ ልክ ናቸው።

ከዚህ ሌላ መቀስ፣ ሜትር፣ ጫፉ ያልሾለና ቀዳዳው ሰፊ የሆነ የመስፊያ መርፌ፣ አንድ ኪሮሽ፣ 5 መርፌ ቁልፍ፣ ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ደብተሩን «በልቤ እይዘዋለሁ» ብላችሁ እንዳትተዉት።

መቀመጫችሁ ጀርባ ያለው ወንበር ይሁን። መደገፊያ በሌላት በርጩማ ላይ አንድ ሰዓት ጎንበስ ብሎ መሥራት ትከሻን ይገላል።

ደረጃ 3፦ ልቃቂቱን አላልታችሁ አጠንጥኑ

ክሩ በጥቅል ከመጣ ከመጀመራችሁ በፊት አጠንጥኑት። አጥብቃችሁ ካጠነጠናችሁት ክሩ ተወጥሮ ይቆያል፤ ብርድ ልብሱ ሲታጠብ ደግሞ ይሰበሰባል። ሁለት ጣታችሁን ልቃቂቱ ላይ አስገብታችሁ አብራችሁ ጠምጥሙ፣ ከዚያ ጣታችሁን አውጡ፣ አቅጣጫ ቀይሩ፣ ድገሙት። በቃ።

ደረጃ 4፦ ናሙና ሥሩ

ይህን ደረጃ ሁሉም መዝለል ይፈልጋል። አትዝለሉት። ለሁለት ሰዓት ሰንፋችሁ 42 ሰዓት ታጣላችሁ።

24 ዓይን ጫኑ። አጫጫኑና አሠራሩ ከታች ደረጃ 5 እና 6 ላይ፣ ቀለም አቀያየሩና አዘጋጉ ደረጃ 7 እና 8 ላይ አለ። በእያንዳንዱ ቀለም 8 ሸንተረር ሥሩ፤ ቀለም መቀየሩንም በዚያው ትለማመዳላችሁ። ከዚያ ዝጉት።

አሁን በለብ ያለ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ገና እርጥብ እያለ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጨምቁት። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀለም ከወጣ ያ ክር ይለቃል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ይህ ብዙ ያጋጥማል። የሚለቅ ክር ከነጭ ጎን አታስገቡ፤ ቀይሩት። ከ300 ረድፍ በኋላ ከማወቅ ዛሬ ማወቅ ይሻላል።

ናሙናው ሲደርቅ ሳትጎትቱት አጋድሙና መሃሉ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሩ።

- 17 ከሆነ፦ በ120 ዓይን ቀጥሉ።
- 19 ወይም 20 ከሆነ፦ እጃችሁ ያጠብቃል። 5.5 ሚሊ ሜትር መርፌ ሞክሩ።
- 15 ከሆነ፦ እጃችሁ ያላላል። 4.5 ሞክሩ።

ሌላ መርፌ ማግኘት ካልቻላችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር በ7 አባዙት፤ የምትጭኑት የዓይን ብዛት እሱ ነው። 20 ከሆነ 140፣ 15 ከሆነ 105።

ደረጃ 5፦ 120 ዓይን መጫን

ዓይን የመጫኛ መንገድ ብዙ ነው። እኔ ለጀማሪ የማሳየው ከመሥሪያው ጋር አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ያለውን ነው፤ አንዱን ስትችሉ ሌላውን ቻላችሁ ማለት ነው።

1. ከክሩ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ተንሸራታች ቋጠሮ አስራችሁ ግራ እጃችሁ ላይ ባለው መርፌ አጥልቁ። ይህ አንደኛው ዓይን ነው።
2. የቀኙን መርፌ ጫፍ ከፊት ወደ ኋላ ዓይኑ ውስጥ አስገቡ። የቀኙ መርፌ ከግራው በስተኋላ ይሻገራል።
3. ከኋላ ያለውን ክር በቀኙ መርፌ ጫፍ ሥር አዙራችሁ በሁለቱ መርፌዎች መሃል ወደ ቀኝ መልሱ።
4. የተጠመጠመውን ክር በዓይኑ ውስጥ ወደ ፊት ሳቡ።
5. አሮጌውን ዓይን ከግራው መርፌ ሳታወርዱ፣ አሁን የወጣውን አዲስ ዓይን ግራው መርፌ ላይ ጫኑ። ሁለት ሆኑ።
6. እስከ 120 ድገሙ።

በየ20 ዓይኑ መሃል ሌላ ቀለም ካለው ቀጭን ክር ትንሽ ቀለበት ሠርታችሁ መርፌው ላይ አስገቡ። 120 በ6 ክፍል ይከፈላል። በኋላ ቁጥር ሲዛባ ስህተቱን በ20 ዓይን ውስጥ ብቻ ትፈልጋላችሁ። እየሠራችሁ ቀለበቱ ጋ ስትደርሱ ወደ ቀኙ መርፌ ማሻገር ነው፤ አትሥሩት።

ዓይኖቹን አታጥብቁ። መርፌው ላይ በጣት ገፋ ሲደረጉ መንሸራተት አለባቸው። የማይንሸራተቱ ከሆነ የጠመጠማችሁት በቀጭኑ ጫፍ ላይ ነው፤ ወፍራሙ ላይ ጠምጥሙ። ፍቱና እንደገና ጀምሩ። የጠበቀ መጀመሪያ ወደ ኋላ አይላላም፤ የብርድ ልብሱ አንድ ጎን ተሰብስቦ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ ረድፉን መሥራት

እንቅስቃሴው አራት ነው፦ አስገቡ፣ ጠምጥሙ፣ አውጡ፣ ጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከላይ ሠርታችኋቸዋል። ልዩነቱ አራተኛው ላይ ነው። አዲሱ ዓይን ቀኙ መርፌ ላይ ይቀራል፤ አሮጌውን ከግራው አንሸራታችሁ ትጥሉታላችሁ። ረድፉ ሲያልቅ መርፌዎቹን በእጅ ተቀያየሩ፣ እንደገና ጀምሩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ሌላ ዓይነት ረድፍ የለም። በዚህ መንገድ የተሠራ ጨርቅ ጠርዙ አይጠቀለልም፤ ለብርድ ልብስ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ክሩን «የሚያስወልደው» ስህተት

መርፌውን አዙራችሁ አዲስ ረድፍ ስትጀምሩ ክሩ ከፊት ይሆናል። ብዙ ሰው እሱን ወደ ኋላ ለመውሰድ በመርፌው አናት ላይ አሻግሮ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይን ወደ ላይ ይነሳና ሁለት እግር ያለው ይመስላል። ጀማሪው ሁለቱንም እንደ ሁለት ዓይን ይሠራል። አንድ ዓይን ተጨመረ።

መፍትሔው፦ ረድፍ ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን በጣት ወደ ታች ሳብ አድርጉ። ዓይኑ ቁጭ ይላል፣ አንድ መሆኑም ይታያል። ከዚያ ክሩን በመርፌው ጫፍ ሥር ወደ ኋላ ውሰዱ። በአናት በፍጹም አይሁን።

ሁለተኛ ሕግ፦ ረድፍ መሃል ላይ አታቁሙ። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብላ ብትጣራም ረድፉን ጨርሱና ሂዱ። መሃል ላይ ትታችሁ ስትመለሱ መርፌውን በተቃራኒው ልትይዙና ወደ መጣችሁበት ልትሠሩ ትችላላችሁ፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይረዝማል። የግድ ካቆማችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ ስትቀጥሉ ከልቃቂቱ የሚመጣው ክር ከቀኙ መርፌ ላይ መውጣት አለበት።

ሦስተኛ፦ በየሁለት ረድፉ ቁጠሩ። 20፣ 20፣ 20 እያላችሁ በቀለበቶቹ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሸንተረሩን ደብተር ላይ አንድ ጭረት አድርጉለት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፎች ስትጨርሱ መርፌዎቹን በእጅ ተቀያየሩና ወደ እናንተ በዞረው ገጽ ላይ አንድ መርፌ ቁልፍ አድርጉ። የብርድ ልብሱ ፊት ይህ ነው። ለቀጣዩ ደረጃ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 7፦ ቀለም መቀየር

12 ሸንተረር ቆጠራችሁ። መርፌዎቹን በእጅ ተቀያየሩና መርፌ ቁልፉ ወደ እናንተ ዞሮ መታየቱን አረጋግጡ። ካልታየ ወይ አንድ ረድፍ ይጎድላል፣ ወይ አንድ ረድፍ በዝቷል። ቀለም ሁልጊዜ በፊት በኩል ከተቀየረ በፊቱ ላይ ጥርት ያለ መስመር ይወጣል። በጀርባው ሁለቱ ቀለሞች ነጠብጣብ ሆነው ይደባለቃሉ፤ ይህ ስህተት አይደለም። አንዱን መስመር በፊት፣ ሌላውን በጀርባ ከቀየራችሁ ግን ነጠብጣቡ በሁለቱም ገጽ ይበታተንና ብርድ ልብሱ ፊት አልባ ይሆናል።

1. አሮጌውን ክር 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ።
2. አዲሱንም 15 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ተዉለትና ከአሮጌው ጋር ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ቋጠሮው ጊዜያዊ ነው፤ ኋላ ይፈታል።
3. የረድፉን የመጀመሪያ ዓይን በአዲሱ ክር ሥሩ፤ ቀጥሉ።
4. ከአምስት ዓይን በኋላ ጠርዙን እዩ። ከላላ ጫፎቹን ሳብ አድርጉ።

ክሩን ሳትቆርጡ በጠርዙ ላይ አንጠልጥሎ ማሳለፍም ይቻላል። ለሕፃን ግን እምቢ በሉ። የተንጠለጠለ ክር የሕፃን ጣት ሊጠመጥም ይችላል።

የቀለሙ ቅደም ተከተል፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራት ጊዜ ድገሙና በአንደኛው ጨርሱ።

በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ አንድ ነገር ጨምሩ። በመስፊያ መርፌ ቀጭን የልብስ ስፌት ክር መርፌው ላይ ባሉት 120 ዓይኖች ሁሉ ውስጥ አሳልፉ። ምልክት ቀለበቶቹን ግን አታያይዙ። ይህ መጠባበቂያ ክር ነው። የሚቀጥለው መስመር ቢበላሽ እዚያ ድረስ ፈትታችሁ አንድም ዓይን ሳይወድቅ ትይዙታላችሁ። መስመሩ በሰላም ሲያልቅ ሳቡት፣ ወደ ላይ አዛውሩት።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ዓይን ከመርፌ ወደቀ። አትደንግጡ፣ አትጎትቱም። ወዲያው በመርፌ ቁልፍ ያዙት። አንድ ረድፍ ብቻ ከወረደ በኪሮሽ ከላዩ ያለውን አግድም ክር በዓይኑ ውስጥ አውጡና መርፌው ላይ መልሱ። ብዙ ረድፍ ወርዶ እንደ መሰላል ከሆነ አንዱን እርከን ከፊት አውጡ፣ ለቀጣዩ ጨርቁን ገልብጡና ከጀርባ አውጡ፣ እንዲህ እያፈራረቃችሁ ውጡ። ሳትገለብጡ ከወጣችሁ ሸንተረሩ እዚያ ቦታ ላይ ይጠፋል።

መሃል ላይ ቀዳዳ ወጣ፣ ቁጥሩም በአንድ ጨመረ። ክሩ ሳታዩት መርፌው ላይ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ነበር። ገና መርፌው ላይ ካያችሁት ጣሉት፤ ምንም አይሆንም።

ቁጥሩ በዛ ወይም ጎደለ፣ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም። በዚህ መስመር ውስጥ ከሆነ ፍቱ፤ መጠባበቂያ ክሩ አለላችሁ። ካለፈው መስመር የመጣና አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ መፍታቱ አያዋጣም። ከበዛ ጠርዝ ላይ ሁለት ዓይን ባንድ ላይ ሥሩ፤ ከጎደለ ልክ እንደ ደረጃ 5 አንድ ዓይን ጠርዝ ላይ ጫኑ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ፍቱ። ጠርዙ ይናገርባችኋል።

ጥቂት ዓይን ብቻ ወደ ኋላ መመለስ። የግራውን መርፌ ጫፍ፣ ቀኙ መርፌ ላይ ካለው ዓይን ሥር ባለው ቀለበት ውስጥ ከፊት አስገቡ፣ የላዩን ልቀቁ፣ ክሩን ሳቡ። አንድ ተመለሰ።

ክሩ መስመሩ ሳያልቅ አለቀ። አንድ ረድፍ የስፋቱን አራት እጥፍ ያህል ክር ይፈልጋል። ከ3 ሜትር በታች ከቀረ አዲስ ረድፍ አትጀምሩ፤ ጠርዝ ላይ አዲሱን ልቃቂት አስገቡ። መሃል ላይ አትቀጥሉ።

ደረጃ 8፦ መዝጋት

ሁለት ዓይን ሥሩ። በግራው መርፌ ጫፍ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ላይ አሳልፋችሁ ጣሉት። አንድ ቀረ። ሌላ አንድ ሥሩ፣ እንደገና አሳልፉ። እስከ ጫፍ። የመጨረሻው አንድ ዓይን ሲቀር ክሩን በ20 ሴንቲ ሜትር ቁረጡና በውስጡ ሳቡት።

ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ያጠብቃል። ቀኝ እጃችሁ ላይ 6 ሚሊ ሜትር መርፌ ያዙ። ሲጨርሱ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ካጠረ ፍቱና አላልታችሁ ድገሙት።

ደረጃ 9፦ 26 ጫፎች

12 ጊዜ ቀለም ቀይራችኋል፤ በየጊዜው ሁለት ጫፍ ነው። የመጀመሪያና የመጨረሻ ሲጨመር 26። ሌላ ልቃቂት ያስገባችሁበት ካለ ከዚያም ይበልጣል። ጊዜያዊ ቋጠሮዎቹን ፍቱ። እያንዳንዱን ጫፍ በመስፊያ መርፌ ጀርባው ላይ በራሱ ቀለም መስመር ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ሸንተረሩን ተከትላችሁ አስገቡ፣ አዙራችሁ 3 ሴንቲ ሜትር መልሱ፣ ከዚያ ቁረጡ። በቋጠሮ ብቻ አትተማመኑ፤ በእጥበት ይፈታል።

እንደ ጋቢ ቋጭ ላድርግለት የሚል ሰው አለ። ለአዋቂ ያምራል። ለሕፃን አታድርጉት፤ ጣቱ ላይ ይጠመጠማል፣ አፉም ውስጥ ይገባል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ብቻውን ሲተኛም ብርድ ልብሱን አትተዉለት፤ ፊቱን ሊሸፍነው ይችላል። ሲታቀፍና እያያችሁት አልብሱት።

ደረጃ 10፦ ማጠብና ማድረቅ

በለብ ያለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ንከሩ፣ ጫን ጫን አድርጋችሁ እጠቡ። አትሹት፣ አትጠምዝዙት። በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን አስመጥጡ። ሽቦ ላይ አትስቀሉ፤ በራሱ የውኃ ክብደት ይለጠጥና ያን ሁሉ የቆጠራችሁትን ቅርጽ ያጣል። ሰሌን ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፉ፣ ብርድ ልብሱን አጋድሙ፣ ሜትር ይዛችሁ አራቱን ጎን አስተካክሉ።

የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ያጠበ ሰው ማታ እርጥብ ነገር ቤት ያስገባል፣ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ይሸታል። ሰማዩ ጥርት ያለበትን ቀን ጠብቁ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እጠቡ፣ እኩለ ቀን ላይ ገልብጡት። አክሪሊክ ከሆነ ካውያ አታስነኩት።

ሲያገለግል ሚስማር ይዞት ክር ሾልኮ ቢወጣ መቀስ አታንሱ። በኪሮሽ ወደ ጀርባ አሳልፉትና ጨርቁን በሁለት እጅ ወደ ጎን ሳብ ሳብ አድርጉ። ክሩ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል።